ደም የመጠጠው ወረቀት

«እንትፍ በይበትና ይዳን» አለ ጭቃ ሹም መንግሥቴ፣ የተኛውን በሬውን በበትሩ ጫፍ እያሳየ።

ካሰች አፏን ገጥማ ቆመች። እንትፍ ካለች የበላሁት እኔ ነኝ ማለቷ ነው፤ ቡዳ የሚለው ስም ከእሷ አልፎ ለልጆቿ ይተርፋል። እንትፍ ካላለች ደግሞ ዛሬውኑ ጎጆዋን ነቅላ ከመንደሩ እንድትወጣ ተነግሯታል። ጥፋቷ ሸክላ ሠሪ መሆኗ ነው። ከወረታ እስከ ይፋግ ስንቱ ቤት በእሷ ድስት ወጥ ይሠራል፤ ከእጇ ግን ውኃ የሚቀበላት የለም። በሬ በታመመ ቁጥር የሚፈለገው የእሷ ደጃፍ ነው። እንዲህ ያለውን ግፍ ፍርድ ብለው ይጠሩታል።

በዚያ ሰሞን ከብት ለመከተብ ከጎንደር የመጣው አያልነህ በሬውን እንዲያይ ተጠርቶ ነበር። የዓይኑን ቆብ ገልብጦ አየ፤ ቀይ መሆን የነበረበት ሥጋ ነጥቷል። ጆሮውን በመርፌ ወጋና የወጣውን ጠብታ በነጭ ወረቀት አስመጠጠው። ከዚያም ከደማቅ ቀይ እስከ ፈዛዛ ድረስ ቀለም ከተደረደረበት ካርቶን ጋር አስተያየው። ጠብታው ከመጨረሻው፣ የደም ማነስ ከሚያሳየው ፈዛዛ ቀለም ጋር ገጠመ።

ካሰች ወረቀቱን ስታይ ተስፋ አድርጋ ነበር። አያልነህ የበሬው ደም አልቋል አለ፤ ቀጥሎም ከረግረጉ ሣር ጋር የሚዋጥ ትል ጉበቱን እየበላ ደሙን እንደሚጨርሰው ያስረዳ ጀመር። ማን ሰምቶት! በተሰበሰበው ሰው ጆሮ የገባው ደሙ አልቋል የሚለው ብቻ ነበር።

«ይኸው መንግሥት የላከው ሰው መሰከረ» አለ መንግሥቴ። «ደሙ ተጠጥቷል።»

አያልነህ ስለ ትሉ ደጋግሞ ቢናገርም የሚያዳምጠው አጣ። ካሰችን ሊያድናት የመጣ የመሰላት ወረቀት እንኳ ዞሮ ከከሳሿ ጎን ቆመ። ሰዉን እየገፋች ወደ አያልነህ ሄደችና ጭቃ የደረቀበትን እጇን ዘረጋችለት።

«ከጠጣሁትማ እኔው ውስጥ ይገኛል። ይውጉኝና ይዩት።»

አያልነህ አመነታ፤ ሰው እንዲወጋ አልተላከም። እጇን እንደዘረጋች መቅረቷን ሲያይ ግን አዲስ መርፌ አወጣ። የካሰች ጠብታ በወረቀቱ ላይ ከበሬው ጠብታ አጠገብ ዐረፈች። ሁለቱም እኩል ፈዛዛ ስለነበሩ መለየት አስቸገረ። ጭቃ ስትረግጥ እየዋለች ማታ ማታ ዓይኗ ለምን እንደሚጨልምባት ያን ጊዜ ገባት።

አያልነህ ወረቀቱን ለሰዉ ሁሉ አዙሮ አሳየ። መንግሥቴም ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱን መለሰ።

«ጭቃ ሹም፣ እኔንስ ማን በላኝ ይላሉ?»

መንግሥቴ በትሩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ሂጂም አላላት፤ ቆዪም አላላት። ካሰች መልሱን ሳትሰማ ከዚያ ንቅንቅ እንደማትል ግን ሁሉም አወቀ።