የሰብለ ይቅርታ

ሰብለ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከተቀያየመቻቸው ሰዎች ሁሉ ታረቀች። እዚህ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሸራ ከሸራ ተጠጋግተን፣ ብርዱ አጥንት ድረስ እየገባ፣ በውሃ ወረፋ የማይጣላ የለም። ከጎረቤታችን ከሀይማኖት ጋርማ በጄሪካን ተማትተው ዓመት ሙሉ ተኳርፈው ነበር። ሰብለ ሄዳ እግሯ ላይ ወደቀች። ሀይማኖትም "ይቅር ለእግዜር" ብላ አነሳቻት።

ሰፈሩ ተደሰተ። ሰው እንዲህ እየዞረ የሚታረቀው ሊቆርብ ሲል ነውና "ሰብለ ልትቆርብ ነው" ተባለ። እኔ እናናየሁ ደግሞ፣ ከወለጋ አብሬያት የተፈናቀልኩት ጓደኛዋ፣ ከሁሉ በላይ ፈነደቅሁ። ልጇ ነቢዩ በሽሽታችን መሃል ከሞተ ወዲህ ፊቷ ሲፈታ አይቼ አላውቅም ነበር።

እኔ ጋ የመጣችው መጨረሻ ላይ ነው። "የበደልኩሽ ካለ ይቅር በይኝ" አለች።

"እኛ መች ተጣላንና?" ብዬ ሳቅሁባት። እሷ አልሳቀችም።

በማግስቱ የንስሐ አባታችንን አባ ወልደአረጋይን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። መስቀላቸውን ተሳልሜ "እንኳን ደስ ያለዎት አባ፣ ሰብለን ለመቼ ቀጠሯት?" አልኳቸው።

"ለምኑ?"

"ለቁርባኑ ነዋ።"

"እኔ ጋ አልመጣችም" አሉ።

ያለ ንስሐ አባት ምን ቁርባን አለ? ከሰው ሁሉ ታርቃ ለነፍስ አባቷ ብቻ የደበቀችው ነገር ምን ይሆናል? እርሳቸው ፊት ከቀረበች መናዘዝ ይኖርባታል። "አባ፣ ይከተሉኝ" ብዬ ነጠላዬ መሬት እየጠረገ ሮጥኩ።

አባን አስከትዬ ስደርስ ሸራዋ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። ያለቻትን ልብስ ሁሉ አጥባ፣ አጣጥፋ ደርድራዋለች። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን ነገር በስሙ መጥራት ሟርት ነው ይባላል። ሟርቱ ገደል ይግባ አልኩ በልቤ።

"ሰብለ፣ ራስሽን ልታጠፊ ነው?"

ቀና ብላ አየችኝ። ምነው ተቆጥታ በሰደበችኝ።

"አዎ" አለች። "ደከመኝ እናንዬ። ልጄን አፈር እንኳ ሳላለብሰው ነው የመጣሁት። ሁሉም ይቅር ብዬሻለሁ አለኝ እንጂ ምን ሆንሽ ያለኝ የለም።"

አፌ ላይ የመጣው ቁጣ ነበር፤ ነፍስሽስ፣ ፍትሐትሽስ ልላት። ዋጥኩትና ስለ ነቢዩ ጠየቅኋት። ስታወራም ስታለቅስም ሳላቋርጣት ሰማሁ። ከዚያ "ያዘጋጀሽውን ስጪኝ" አልኳት። ከፍራሿ ሥር አውጥታ ሰጠችኝ። አባ ተቀብለውኝ ወጡ፤ ሲመለሱ እጃቸው ባዶ ነበር።

"ይረግሙኛል አባ?" አለች ሰብለ።

"ለምን ብዬ ልጄ? ታመሻል። ጸሎቱን ለእኔ ተዪውና አሁን ሐኪም ቤት እንሂድ።"

መሃል አድርገናት ሄድን። ሐኪሟም እኔ የጠየቅሁትን ያንኑ ፊት ለፊት ጠየቀቻት። መድኃኒትና ቀጠሮ ሰጠቻት፤ ብቻዋን እንዳትተዪያት ብላ እኔን አስጠነቀቀችኝ። ፍራሼን ተሸክሜ ወደ እሷ ሸራ ገባሁ። ድናለች አልልም። አንዳንድ ጠዋት "ዛሬም መጣብኝ" ትለኛለች። ያን ቀን ከአጠገቧ አልርቅም፤ እፈራለሁ።

እሑድ ሴቶቹ እንኳን ለዚህ አበቃሽ ሊሏት ተሰብስበው መጡ። "ቁርባኑ መቼ ነው?" ብለው ጠየቋት። ወሬ ላስቀይር ስል ቀደመችኝ።

"ቁርባን አልነበረም። ልሞት ስል ነው የተሰናበትኳችሁ። እናንዬ ራስሽን ልታጠፊ ነው ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ነው የተረፍኩት።"

አማተቡ። አንዷ "በስመ አብ፣ ምን ክፉ መንፈስ ነው" እያለች ተነሣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

ሀይማኖት ብቻ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። የሴቶቹ ድምፅ እስኪርቅ ጠበቀችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

"እናናየሁ" አለች፣ "እኔንም ጠይቂኝ።"