ባቄላና ቀይ ቆርኪ

ደመቀች እባላለሁ፤ ሰበታ ውስጥ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ቁጡ ነኝ፣ አልደብቅም። ማትሪክ ሲቃረብ ደግሞ ይብስብኛል። ተማሪዎቼ ሰው ከቀዬው ለምን እንደሚፈልስ ስጠይቃቸው «ፑሽ ፋክተር፣ ፑል ፋክተር» እያሉ እንደ በቀቀን ሲደግሙብኝ ደሜ ይፈላል። ስለዚህ ዘንድሮ ክለሳውን በጨዋታ አደረግሁት።

ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ አስገፍቼ ከተማችንን ወለሉ ላይ በጠመኔ ሣልናት፤ የጅማ መንገድ፣ ወንዙ፣ እስከ ዓለም ገና ድረስ። እያንዳንዱ ተማሪ ከጣሳዬ አንድ ባቄላ አንሥቶ ቤቱ ባለበት ቦታ ያስቀምጣል። ከዚያ ለአዲስ ፋብሪካ ቦታ መምረጥ ነው፤ ሜዳ የሆነ፣ ለዋናው መንገድ የቀረበ፣ ውሃ ያለው፣ ቤት ያልበዛበት። የመረጠ በአራት ቀይ ቆርኪ ያጥረዋል። አጥሩ ውስጥ የገባ ባቄላ ተለቅሞ ወደ ጣሳው ይመለሳል።

«ቲቸር፣ ጣሳው የት ክፍለ ከተማ ነው?» አለ ቲቶ፣ የክፍሉ ቀልደኛ።

«አርፈህ ተቀመጥ!» አልኩት።

ገለቴ ተነሣች። ዝምተኛ ናት፣ ከተናገረች ግን የሚያርማት የለም። ምክንያቷን አንድ በአንድ አስረድታ አራቱን ቆርኪዎች አስቀመጠች። ምንም እንከን አይወጣለትም። «ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ!» ብዬ አስጨበጨብኩላት።

ቲቶ ጎንበስ ብሎ አየና ሳቁን ለቀቀው። «ኧረ ገለቴ! ውስጥ ያለው የራስሽ ባቄላ እኮ ነው! ቤቷ ላይ ፋብሪካ ሠራች!» ክፍሉ አውካካ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ልዋሽ።

እሷ ግን አልሳቀችም። ቆርኪዎቹ ላይ እንዳፈጠጠች ፊቷ አመድ መሰለ።

«ቲቸር... እኛ ማሳ ላይ፣ ልክ እዚህ እዚህ ጋ፣ አራት ችካል ተተክሏል። ጫፉ ቀይ ነው።»

«የምን ችካል?»

«ሰዎች መጥተው ተከሉት። አባዬ የቧንቧ መስመር ነው አለ። ስንት ጊዜ ውሃ ጠይቀናል፣ ደስ ብሎት እርጎ አጠጣቸው። መዶሻ ያዋሳቸውም እሱ ነው።» ጣቷን ከቆርኪ ወደ ቆርኪ አዞረች። «ቲቸር፣ ቧንቧ ቢሆን ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንጂ ቤታችንን ለምን ይከበዋል?»

ወይ ጉድ! ጣሳዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ «ተነሺ» አልኳትና ባጃጅ ይዘን ወጣን። መንገዱን ሙሉ «ውሃ ይሆናል፣ ምናለ ውሃ ቢሆን» እላለሁ በሆዴ። ገለቴ ከተጨበጠ እጇ ላይ ዓይኗን አላነሣችም።

አባቷን ኦቦ ዲሪባን ማሳቸው ዳር ተንበርክከው፣ መዶሻ ይዘው አገኘናቸው። ሲያዩን ፊታቸው በራ።

«አካም ጂርቱ ቲቸር! እንኳን ደህና መጡ! ይህቺን ችካል ወይፈኑ ነቅሏት አደረ። ሰዎቹ ሲመለሱ ቦታው እንዳይጠፋባቸው ብዬ መልሼ እየተከልኳት ነው።»

«ተው አባ! አትምታ!» ጮኸች ገለቴ።

መዶሻው አየር ላይ ቀረ። «ምነው ልጄ? ምን ሆንሽ?»

ወደ እኔ ዞረች፣ እንድነግርላት። እኔ ዓይኔን ወደ ችካሉ መለስኩ። እሷው ቁጭ ብላ በጣቷ አፈሩ ላይ መንገዱን ሣለች፣ ወንዙን ሣለች። ጨብጣው የመጣችውን ባቄላ መሃል አስቀመጠች፤ ዙሪያውን አራት ጠጠር አደረገች። ከዚያ ጨዋታውን በኦሮምኛ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። መጀመሪያ ላይ ፈገግ እንዳሉ ነበር የሚያዳምጡት።

ጠጠሮቹን አዩ። ቀና ብለው ችካሎቹን በየተራ አዩ፤ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ለማየት ተነሥተው ሄደው ተመለሱ።

«እኔው ነኝ የመታሁት» አሉ። «እነሱ ደክሟቸው ነበር። በገዛ እጄ ነው የመታሁት።»

እግዚኦ! የት ልግባ! መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

መዶሻውን አስቀምጠው ባቄላዋን አነሡና በመዳፋቸው ይዘው ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

«እሺ ቲቸር፣ በእናንተ ጨዋታ ይህቺ የት ነው የምትሄደው?»

ጣሳው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ባቄላዎቹ እንዳይንኳኩ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።