የሚጎትተኝ የለም

ፎቶውን ያመጣው ራሱ ሉድሚል ነው፤ ሌላ የሚወቀስ ሰው የለም። ሶፊያ ውስጥ በሚታተም አንድ የዘፋኞች መጽሔት ሽፋን ያዘጋጃል። የሐምሌው ሽፋን ለዶናያ ይሁን ሲባል፣ ከቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ ፎቶ አውርዶ በክንዱ ሥር ይዞ ሄደ። ዶናያ ዛሬ ስታዲየም የምትሞላ ዘፋኝ ናት። በፎቶው ላይ ግን ገና የመንደሯ ዶንካ ናት፤ ጆሮዋ ላይ አበባ ሰክታ አፏን ከፍታ ትዘፍናለች። የዶንካን መቀነት ከኋላ ይዛ ከጎኗ የቆመችው ቬሊችካ ናት፤ የሉድሚል ሚስት።

በእነሱ መንደር ዘፈን ለብቻ አይዘፈንም። አንዷ ታወጣለች፣ ሌላዋ አንዲት ድምፅ ይዛ ከሥር ትጎትታለች። ስሟም ጎታች ነው። ጎታች ጭብጨባ የላትም፤ እሷ ዝም ያለች ዕለት ግን አውጪዋ ገደል ትገባለች። ቬሊችካ ለዶንካ ከልጅነት እስከ ትዳር ጎትታለች። ዶንካ ከተማ ገብታ ዶናያ ስትባል ጎታች ማስፈለጉ ቀረ፤ ያንን ማሽን ይሠራው ጀመር። ቬሊችካ ደግሞ ጉሮሮዋን ኦፕራሲዮን ከተደረገች ወዲህ ድምፅዋ ሹክሹክታ ሆኖ ቀረ።

«ሽፋን ላይ ልትወጪ ነው» ሲላት ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ካያት ቆይቶ ነበር። ለጎረቤት ሁሉ አወራች። ፎቶው የልጅነቷ ሆኖ ሳለ ፀጉር ቤት ሄዳ ተሠርታ መጣች።

ዋና አዘጋጇ ፕላሜና ፎቶውን አይታ ወደደችው።

«ይቺኛዋስ ማናት?»

«የመንደሯ ልጅ። አብረው ይዘፍኑ ነበር።»

«አንድ ሽፋን ሁለት ንግሥት አይችልም። አውጣልኝ።»

«ስሟን እንኳ ከታች፣ በትንሹ…»

«ማን ያውቃታል ሉድሚል? ደግሞ ለማን ብለህ ነው?»

ሚስቴ ናት ሊል ከንፈሩ ላይ ደርሶ ዋጠው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ይኸኛው ሞኝ ደግሞ ሞፈሩን ተሸክሞ ቆራጩ ዘንድ ድረስ የሄደ ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ሚስቱን ማጥፋት ጀመረ። ፀጉሯን አጠፋ፣ ፊቷን አጠፋ፣ ትከሻዋን አጠፋ። መቀነቱን የያዘው እጇ ላይ ሲደርስ አልሆነለትም። ትንሿ ጣቷ ጠማማ ናት፤ በልጅነቷ ጊደር ስትስብ ገመድ የሰበራት። ጣቶቿን ተዋቸው። ሌላ ሰው ልብ አይለውም፣ እሷ ግን ታውቀዋለች፣ አለማጥፋቴን ታይልኛለች ብሎ ተጽናና።

በማግስቱ የሽፋኑ ርዕስ መጣ። ዶናያ በቃለ መጠይቁ ላይ የተናገረችው ነው፦ «የሚጎትተኝ የለም»። ፕላሜና የከተማ ልጅ ናት፤ ነፃ ሴት ማለት መስሏት በትልልቅ ቢጫ ፊደል አስጻፈችው። ሉድሚል ግን ቃሉ ለማን እንደተላከ ገባው።

ፕላሜና ከኋላው መጥታ ቆመች።

«ቆይ፣ ይሄን እጅ ሆን ብለህ ነው የተውከው?»

ሉድሚል ዞር ብሎ አያት።

«አንተ ሰይጣን! እዩት እስቲ፣ ወደ ኋላ ይጎትታታል፣ እሷ እየዘፈነች ወደ ፊት። እንዳትነካው።»

የሥራ ባልደረቦቹ እየመጡ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። በዚያ ቢሮ ከተመሰገነ ዘመን ሆኖት ነበር። ላጥፋው ማለት ይችል ነበር፤ አላለም። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ጥቂት ደስ ብሎታል።

መጽሔቱን ይዞ ቤት ሲገባ ቬሊችካ ባኒጻ የሚሉትን የአይብ ቂጣ ጋግራ፣ ጎረቤቷን ጽቬታናን ጠርታ ትጠብቀው ነበር። ጽቬታና ተሽቀዳድማ ከእጁ ነጠቀችው።

«የታለሽ አንቺ?» አለችና ሽፋኑን አገላብጣ ሳቀች። «ይቺ ከኋላ የምትጎትታትስ ማናት? መቼም ምቀኛ አይጠፋ!»

ቬሊችካ መነጽሯን አድርጋ መጽሔቱን ተቀበለቻት። ርዕሱን አነበበች። መቀነቱን የያዘውን እጅ አየች፣ ጠማማዋን ጣት አየች።

«እኔ ነኝ» አለች በዚያች በሹክሹክታዋ።

ጽቬታና ድስት ጥጄ መጥቻለሁ ብላ ወጣች። ባኒጻው ሳይቆረስ ቀረ።

«ቬሊችካ፣ ሁሉንም አጥፋ ብለውኝ እኮ ነው» አለ ሉድሚል። «እጅሽን የተውኩት ላንቺ ብዬ ነው።»

«ዶንካስ እውነቷን ነው፣ ጎታች አያስፈልጋትም። ትበል። እኔ ግን የያዝኳት እንዳትወድቅ ነበር። አንተ ይህን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ።»

መጽሔቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አውራ ጣቷን አምጥታ በፎቶው ላይ መቀነቱን በያዘው በገዛ እጇ ላይ ድፍን አድርጋ አስቀመጠችው። ዶናያ ብቻዋን ቀረች፣ አፏን ከፍታ፣ አበባዋን ሰክታ። ቬሊችካ ጣቷን ሳታነሳ ቀና ብላ ባሏን አየችው።

«አሁን አማረ» አለች።