ኤግዚቢሽኑ ላይ የተሳሉት

«ሥዕሉን እኔው እፍቀዋለሁ፤ ቢላዋውን ለኔ ይስጡኝ» አለች ናዚፋ ከፍራሹ እየተነሳች።

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ቢላዋውን የያዙት ሐጂ ጁማ የሟቹ ልጇ የኢርፋን አጎት ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ብቻ ሃይማኖታቸውን እንደ ገበያ ሚዛናቸው ዝንፍ አያደርጉም። የሰው መልክ በተሳለበት ቤት የራህመት መላኢካ፣ የእዝነት መልአክ፣ አይገባም ብለዋል፣ አለቀ። ሸኹ ደግሞ ለዱዓ እየመጡ ነው።

«በመጋረጃ ሸፍነነው የለ?» ብላ ነበር ናዚፋ።

«መጋረጃ የሚከልለው የሰው ዓይን ነው። የልጁ ቀብር ኑር እንዲሆን፣ ብርሃን እንዲገባለት አትፈልጊም?»

ይሄኔ ነው ቢላዋውን የጠየቀችው።

ሥዕሉ የሳሎኑን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። ኢርፋን ፍኖተ ሰላም ውስጥ የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፍ ልጅ ነበር። ሥራ የጠፋ ጊዜ በስልኩ ያየውን የፈረንጆች የዓለም ኤግዚቢሽን ቤቱ አመጣው፤ የብረት ማማ፣ የመስታወት አዳራሽ፣ ባንዲራ፣ ፋኖስ። ሕዝቡ ግን የሰፈሩ ሰው ነው። ጎረቤታቸው እህተ ማርያም ጃንጥላ ይዛ ትስቃለች። ሐጂ ጁማም ሰማይ ላይ በሚሽከረከር የመጫወቻ ወንበር ተሰቅለው፣ ቆባቸው እንዳይወድቅ ይዘው ይስቃሉ።

«ይሄን ሁሉ ሰው ምን ልታደርገው ነው?» ብላው ነበር ናዚፋ፣ ሲስል መሰላሉን ይዛለት።

«እማ፣ እኛ አገር እኮ ሰው የሚሰበሰበው ለቅሶ ላይ ብቻ ሆነ። እስቲ አንዴ እንኳ ደስ ብሏቸው ልሰብስባቸው።»

ኢርፋን ቡሬ ሥራ አድርሶ ሲመለስ መንገድ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ማን እንደተኮሰ የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅም አይናገርም። ይኸው ሰው ሁሉ ተሰበሰበ።

ናዚፋ መጋረጃውን ገለጠች። ከራሷ መልክ ጀመረች። ፊቷ ከኖራው ጋር ወለሉ ላይ ረገፈ።

«እታለም፣ የኔን እንኳ እኔው ላጥፋልሽ» አለች እህተ ማርያም እያለቀሰች።

«ተይኝ እህቴ። የልጄን ሥራ ሌላ እጅ አይነካውም።»

የእህተ ማርያምን ፋቀች። የባለጋሪውን የባዬን ፋቀች። ሐጂ ጁማ የገዛ ሳቃቸው ሲረግፍ ቆመው አዩ።

ማማው ሥር ኢርፋን ራሱን ስሏል፤ ብሩሹን ይዞ ቆሟል። ቢላዋውን ጉንጩ ላይ አስጠጋችና መለሰችው።

«ወላሂ አልችልም! ሐጂ፣ አንዴ ቀበራችሁት፤ እኔን ደግሞ ሁለተኛ ቅበሪው አይበሉኝ!»

ቢላዋውን ዘረጋችላቸውና ዓይኗን ጨፈነች።

ሐጂ ጁማ ተቀበሏት። ልጁን ትንሽ አዩት። ቢላዋውን መስኮቱ ላይ አስቀመጡና በግራ መዳፋቸው የተሳለውን ፊቱን ከደኑ። ወዲያው ሸኹ ሰላምታ ሰጥተው ገቡ።

«ሐጂ፣ አይቀመጡም?»

«እዚሁ ይሻለኛል። ይጀምሩ።»

ቤቱ ሙሉ ሁለት ሁለት እጁን ለዱዓ ዘረጋ። ሐጂ ጁማ አንዱን ብቻ ዘረጉ። ዱዓው ረዘመ፤ ክንዳቸው ሲዝል ትከሻቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «አሚን» ይላሉ ከሰው ጋር፣ መዳፋቸውን ግን አላነሱም።