ስርጭት የጀመረው ፎቶ ቤት

«ፎቶ ቤቱ ስርጭት ጀምሯል አሉ፤» ትላለች ልብስ ሰፊዋ፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች። ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣ ትነግራለች፣ ዚፕ ሊያስቀይር ለመጣ ትነግራለች፣ መንገድ ጠፍቶት ለጠየቃት ሰው እንኳ መንገዱን ካሳየችው በኋላ ጣል ታደርግለታለች። «ሰው ፎቶ ሊነሳ ይገባል፤ ሳይወጣ መልኩ ዓለምን ዞሮ ጨርሷል። ያቺ ልጅ ናት አሉ የጫነችው።» «አሉ» የምትለዋን ቃል አትዘነጋም። ማን እንዳለ ግን የጠየቃት የለም፤ ቢጠይቃትም ያለችው ራሷ ናት።

«ያቺ ልጅ» የተባለችው ከግድግዳው ወዲያ ማዶ፣ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ ሥራዋን ትሠራለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ወሬው መንደሩን አዳርሶ እሷ ዘንድ አልደረሰም። መርፌ ይሏታል። ስሙን ያወጣላት የፎቶ ቤቱ ባለቤት አጎቷ ነው። ቀጭን ስለሆነች ነው ይላል፤ ምላሷን የቀመሱት ግን ሌላ ምክንያት ያውቃሉ። ልብስ ሰፊዋ አንድ ቀን፣ መርፌ እኔ ዘንድ ሞልቷል፣ እንዳንቺ ሳይነኩት የሚወጋ ግን አላየሁም ብትላት፣ «ያንቺዎቹ ክር ይጎትታሉ እትዬ፤ እኔ የምጎትተው የለኝም» ብላ መለሰችላት። ከዚያ ወዲህ ጉርብትናቸው ከ«እንደምን አደርሽ» አልፎ አያውቅም።

የኮምፒውተርን ነገር ያስተማራት ሰው የለም። ወንድሟ «ይሄስ ሞቷል» ብሎ ከአልጋው ሥር የወረወረውን ላፕቶፕ አወጣች፣ አቧራውን አራገፈች፣ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ጫነችበት፤ ሬሳው ተነስቶ ተቀመጠ። ከዚያ በገዛ እጇ አበላሸችው፣ አዳነችው፣ ደግሞ አበላሸችው። ልብስን የሚያውቀው የለበሰው ሳይሆን የተረተረው ነው ብላ ታምናለች። ሊኑክስ አንድ ዓይነት ብቻ እንዳልሆነም ያወቀችው ያኔ ነው። አስኳሉ አንድ ነው፤ በአስኳሉ ላይ ግን እያንዳንዱ ማኅበር የመረጠውን ፕሮግራም ጨምሮ፣ ፈትኖ፣ በራሱ ስም አሽጎ ያሰራጫል። የሠፈሩ የኮምፒውተር ሰዎች እሽጉን «ዲስትሮ» ይሉታል። መርፌ ግን ሞታ ነው የምትለው። «ስርጭት» ነው ቃሉ። የሚያምር ቃል ከቤቴ እያለኝ ጎረቤት ሄጄ አልዋስም ትላለች። የላፕቶፗን ገጽ ሁሉ በአማርኛ አድርጋዋለች፤ «ፋይሉ ተቀምጧል» ሲላት፣ የሚታዘዝላት ሰው ያገኘች ያህል ደስ ይላታል።

ፎቶ ቤቱ ሦስት ኮምፒውተሮች አሉት። አንዱ ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ የደንበኛ ፍላሽ ይቀበላል፤ አንዱ ከመጋረጃው ጀርባ ፎቶ ያከማቻል፤ ሦስተኛው የፊት አሳማሪው ነው። ፊት አሳማሪው ማለት ብጉር የሚያነሳ፣ ራሰ በራን ፀጉር የሚያለብስ፣ ተኮራርፈው የመጡ ባልና ሚስትን ትከሻ ለትከሻ የሚያስታርቅ ሰው ነው። ደንበኛ ፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ፍላሹ ደግሞ ቫይረሱን ይዞ ይመጣል። ፎቶዎቹ ያሉባቸው አቃፊዎች ይሰወሩና በቦታቸው ባዶ ምልክት ይገተራል፤ ሲነኩት በሽታው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ይዘልቃል። ማሽን ባጸዳ ማግስት እንደገና ማጽዳት አጎቷን አሰለቸው። በመጨረሻ ለመርፌ፣ እንግዲህ አንቺ ላይ ጣልኩት፣ የምታውቂውን አድርጊ አላት።

የመጀመሪያ ሐሳቧ እቤት የምትጠቀምበትን አርችን መጫን ነበር። አዲስ ነገር በወጣ ቁጥር ወዲያው የሚያደርስ ስርጭት ነው፤ ንቁ ባለቤት ይፈልጋል። የገባ የወጣው ማሽኑን እያየ «ይሄን ማን ሠራው?» እንዲል በልቧ ተመኝታለች። አጎቷን ያየችው ይህን እያሰበች ነው። ሁልጊዜ ጠዋት በሩን እንደከፈተ ወደ መብራቶቹ ይሄዳል፤ የእያንዳንዱን እግር ወለሉ ላይ ካለው የኖራ ምልክት ጋር ያስተያያል፤ የመብራቱን ጃንጥላ በጣቱ ነካ ያደርጋል። መብራቱ እንደ ትናንቱ ካልቆመ የማንንም ፊት አያነሳም። መርፌም ላፕቶፗን ከደነች። የኔ ሲበላሽ እኔው እጠግናለሁ፤ ሙሽራ በር ላይ ቆማ ግን ጥገና የለም አለች። ዴቢያንን መረጠች፤ አዲስ ነገር ሲሰማ የማይሮጥ፣ የተፈተነውን ብቻ የሚቀበል፣ እንደ ትናንቱ የሚነሳ። ፈጣኑን መጋለብ ለራሷ ነበር፤ ዝግተኛውን ለይቶ መምረጥ ግን ለሥራ ነው። በዚህ ምርጫዋ ከሁሉም በላይ ኮራች፤ ለማንም ግን አልተናገረችም፣ የሚገባው ሰው አልነበረማ።

ፊት አሳማሪው ለጠብ ታጥቆ መጣ። ፊት የማሳምርበት ፕሮግራም ባንቺ ሊኑክስ ላይ አይሠራም አላት። መርፌ አስቀድማ አውቃዋለች። «የምጭነው በሁለቱ ላይ ነው፤ ያንተን ማሽን አልነካውም፤» አለችው። «ፍላሽ ብቻ አይገባበትም። ፎቶው እኔ ዘንድ ተጣርቶ ይመጣልሃል።» ለጠብ የመጣ ሰው ጠብ ሲያጣ መግቢያና መውጫው ይጠፋዋል። ፊት አሳማሪው ወንበሩን ሁለቴ አዙሮ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ አንድም ቀን አልታመመም፤ እሱም አንድም ቀን አላመሰገነም።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ሲባል ግን የደንበኛው ፀባይ ተለወጠ። አንዱ ጥቁር መነጽሬን አላወልቅም አለ። አንዷ በር ላይ ቆማ ጣሪያውን ዞር ዞር እያለች ስትመረምር ቆየችና ሳትነሳ ሄደች። መርፌ ሰው ምን ነካው እያለች ሳለ አጎቷ ጠራት። ስልኩን ገና ከጆሮው ማውረዱ ነው።

«የምረቃ ፎቶ የምናነሳለት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ከሰዓት ይመጣሉ፤» አላት። «የልጆቹ ፎቶ በስርጭት ይወጣል ሲባል ሰምተዋል። ካሳመንሻቸው አሳመንሻቸው። ካላሳመንሻቸው ግን የነበረውን ሲስተም እንደነበረው ትመልሻለሽ።»

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። የምረቃ ፎቶ ለአጎቷ ሥራ ብቻ አይደለም። ጥርሳቸው ወልቆ ያነሳቸው ልጆች ዛሬ ጥርሳቸው የወለቀ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ግድግዳው ላይ ካሉት ፎቶዎች የሚበዙት የዚያ ትምህርት ቤት ናቸው። ያንን ሥራ ያጣው በእሷ ነው ከሚባል ይልቅ መርፌ ወንበሯን ተሸክማ ብትባረር ትመርጣለች። የሠራችውን በገዛ እጇ ማፍረስ ደግሞ ከመባረርም ይከፋባታል።

ዳይሬክተሯ ሲገቡ አጎቷ የክፍል ተማሪ ይመስል ተነሳ። ሴትየዋ ዳይሬክተር ከመሆናቸው በፊት የአማርኛ መምህር ነበሩ፤ ሲያዩ ስህተት የሚፈልጉ ዓይኖች አሏቸው። ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ መርፌን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«አንቺ ነሽ ስርጭቱን የጫንሽው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ፤» አለች መርፌ፣ አገጯን ቀና አድርጋ።

«አታፍሪም?»

«ምን ያሳፍረኛል? በደንብ ነው የጫንኩት።»

አጎቷ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ።

«ለመሆኑ ስንት ሰው ያየዋል?»

«የፈለገ ሁሉ ያየዋል። በነፃ ነው። እንደሌላው ተሸፍኖ የሚሸጥ አይደለም፤ ውስጡን ገልጦ ማየት የማንም ሰው መብት ነው።»

ዳይሬክተሯ የሚቀመጡበት ወንበር ፈለጉ። ያገኙት የፎቶ መነሻውን በርጩማ ነው፤ እዚያው ተቀመጡ። «የልጆቼን ፊት?» አሉ፣ ድምፃቸው ቀንሶ። «የማንም ሰው መብት?»

መርፌ ያን ጊዜ ገባት። የደንበኛ መሸሽ፣ ጥቁሩ መነጽር፣ ጣሪያው ላይ የተፈለገው አንቴና፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባት። አንድ ቀን በር ላይ ቆማ ጓደኛዋን በስልክ፣ የደንበኛ ፎቶ ያለበት ማሽን ላይ የትኛውን ስርጭት ልጫን ብላ ጮክ ብላ ስትጠይቅ፣ ከግድግዳው ማዶ የስፌት ማሽኑ ድምፅ ቀጥ ማለቱ ትዝ አላት። ክር ያለቀባት መስሏት ነበር። ለካ ልብስ ሰፊዋ ክር እያገኘች ኖሯል።

«ዲስትሮ ማለቴ ነው» ብትል ነገሩ ያልቅ ነበር፤ የማይገባ ቃል የሚያስፈራው ሰው ጥቂት ነው። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ። መልሳ ዋጠችው። ካፈርኩ አይመልሰኝ እንዲሉ፣ በገዛ ቃሏ የገባችበትን በገዛ ቃሏ ልትወጣው ቆረጠች።

«ይቅርታ፣ ጥያቄዎ አሁን ነው የገባኝ፤» አለች። «እርስዎ ዘንድ የመማሪያ መጽሐፍ ስርጭት አለ አይደል?»

«አለ።»

«መጽሐፉ ሲሰራጭ ተማሪው እጅ ይገባል። የተማሪው ፊት ተመልሶ ማተሚያ ቤት አይሄድም። የኔም ስርጭት እንዲያ ነው። የሚሠሩት ሰዎች አሰራጩት፣ ወደ እኛ መጣ፣ እዚሁ ቀረ። ውስጡን ማንም ያያል ያልኩት መጽሐፉን ነው፤ የልጆችዎን ደብተር አይደለም።»

መርፌ መጋረጃውን ገለጠች፤ ፎቶ የሚከማችበትን ማሽን ጀርባውን አዙራ አሳየቻቸው። ከኤሌክትሪኩ ገመድና ከውስጥ ወደ ባንኮኒው ከሚሄድ አንድ ሽቦ በቀር የተሰካ ነገር የለም፤ የኢንተርኔቱ ሳጥን ይህንንም የባንኮኒውንም ማሽን አያውቃቸውም። እኝህ ሴት ግን የተማሪ ሰበብ ሲሰሙ የኖሩ ናቸው። «አነጋገርሽ ጥሩ ነው፤» አሉ። «አሁን ደግሞ ሥራሽን እንይ።» ከቦርሳቸው ፍላሽ አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩ።

የዓመቱ ፎቶ የነበረበት ፍላሽ ነው። የስፖርቱ ውድድር፣ የችግኝ ተከላው፣ በጡረታ የተሸኙት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ቢሮ ሲከፍቱት ጠፋ፤ ሌላ ቦታ ሲያሳዩት፣ የለም፣ አልቅሰው ይተዉት ተባሉ። መርፌ ሰካችው። አቃፊዎቹ እዚያው ተደርድረው ብቅ አሉ።

«አልጠፉም፤» አለች። «የጠፋ እንዲመስል ነው ቫይረሱ የደበቃቸው። የርሱ የ'ተደበቅ' ትእዛዝ እዚህ አይሰማም።» ከአቃፊዎቹ አጠገብ የተጋደመች፣ ስሟ ትርጉም የሌላት ትንሽ ፋይል በማውሱ ቀስት አሳየቻቸው። «ሌባው ይኸው። ቋንቋው የማይነገርበት አገር ገብቶ ነው እንዲህ ፈዞ የቀረው።»

አንዱን አቃፊ ከፈተች። ዘበኛው ከነዱላቸው፣ አዲስ ካፖርት ለብሰው፣ ለካሜራው እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጥተዋል። ዳይሬክተሯ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩዋቸው።

«ያንን ካፖርት ልጆቹ ናቸው የገዙላቸው፤» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ከወደ ጥጉ ማንም ያልጠየቀው ድምፅ መጣ። ፊት አሳማሪው ነው፤ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ፣ ይሄ ነገር ከተጫነ ወዲህ የኔም ማሽን አልታመመም አለ። መርፌ ዞር ብላ አየችው፤ እሱ የአንዱን ሰውዬ ፀጉር ማብቀሉን ቀጠለ።

ዳይሬክተሯ ከበርጩማው ተነሱ። «ልጆቹ እንደ ወትሮው እዚህ ይነሳሉ፤» አሉ ለአጎቷ። ወደ መርፌ ዞረው ደግሞ፣ «ቃሉን እንዳትቀይሪው። ሰው ይልመደው እንጂ» አሏት። ከሄዱ በኋላ አጎቷ መብራቶቹን ከኖራ ምልክቱ ጋር አስተያየ፣ ጃንጥላውን ነካ አደረገ፣ መርፌን በርጩማው ላይ አስቀመጣትና ካሜራውን አነሳ።

«ቀና በይ፤» አለ፤ ቀድሞውኑ ቀና ብላ እንደነበር ሲያይ ሳቀ። ያ ፎቶ ከልጆቹ ፎቶዎች መሐል ተሰቅሏል።

በማግሥቱ ከግድግዳው ማዶ ወሬው ታጥቦና ተተኩሶ ወጣ። «የሞተ ፎቶ ያስነሳሉ አሉ፤» ትላለች ልብስ ሰፊዋ። ከሰዓት ራሷ መጣች፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደጠመጠመች፣ ፍላሽ በሁለት ጣቷ ይዛ። የእህቷ ልጅ ሠርግ ጠፍቶባታል። መርፌ ተቀበለቻት። «አወጣልሻለሁ እትዬ፤ ግን ስርጭት ላይ ነን፣ ፀጉርሽን አስተካክይ» አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ሳትወድ ሳቀች፤ እጇ ግን ሳታውቀው ወደ ፀጉሯ ሄዷል።

የምረቃው ፎቶ የሚወሰድበት ጠዋት ዳይሬክተሯ ከሁሉም ቀድመው ደረሱ። አጎቷ ገና መብራቱን እያስተካከለ፣ መርፌም የባንኮኒውን ማሽን ገና እያስነሳች ነበር። ስክሪኑ ላይ የዴቢያን ምልክት፣ ያቺ ቀይ ጥምዝ፣ ብቅ አለች። ዳይሬክተሯ የፎቶዎቹን ፖስታዎች አቅፈው ሊወጡ ካሉ በኋላ ቆም አሉ፤ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ተመለከቷት።

«ይቺንማ አውቃታለሁ፤» አሉ። «እኛም ትምህርት ቤት የልጆቹ ውጤት የሚገባበት ማሽን ሲበራ የምትመጣው እሷ ናት። እኔ ከመሾሜ በፊት ጀምሮ እዚያው ናት።»