የሣህሊቱ ሁለተኛ ዓይን

በእኛ አገር የሥዕል ሕጉ አጭር ነው። ጻድቅ ፊቱን ወደ ተመልካቹ ያዞራል፤ ሁለት ዓይን ይሣልለታል። ኃጥእ ወደ ጎን ይዞራል፤ አንድ ዓይን ይበቃዋል። አባቴ ጎንደር ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር፤ ይህን ሕግ ያስተማረኝ በብሩሹ እጀታ ጣቴን እየመታ ነው። አንዴ ተሳስቼ ጌታችንን ከሚገርፉት ወታደሮች ለአንዱ ሁለት ዓይን ብሰጠው «ደግሞ ልታጸድቀው ነው?» ብሎ ጮኸብኝ፤ ያን ቀን ራት አልበላሁም።

እኔ ታምሬ እባላለሁ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የሱቅ ሰሌዳ ስጽፍ ሃያ አምስት ዓመት አለፈኝ። ጻድቃን የሚያሠራኝ ስለሌለ ጎማ እሥላለሁ፣ የዘይት ጀሪካን እሥላለሁ፣ የጥርስ ሐኪም በር ላይ መንጋጋ እሥላለሁ። ዶሮም እሥላለሁ። ዶሮ ከጎን ካልተሣለች ዶሮ አትመስልም፤ ስለዚህ በዚህ ከተማ ብዙ ዶሮ ኮንኛለሁ።

የምኖረው በአንዲት ክፍል ነው። ከአልጋዬ ትይዩ፣ ግድግዳው ላይ፣ ሚስቴ ጣይቱ አለች። በሰባ ሰባት ከአገር ስንወጣ ድንበሩን በተሻገርን በሳምንቱ ወባ ገደላት። ፎቶ አልነበራትም። መልኳ ሳይጠፋብኝ ብዬ ይቺን ክፍል እንደተከራየሁ ሣልኋት፤ አጠገቧም ልጃችንን ሣህሊቱን። ሣህሊቱ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ለዕንቁጣጣሽ እናቷን እንዳለች ትቼ እሷን እፍቅና በአዲሱ ቁመቷና በአዲሱ መልኳ ደግሜ እሥላታለሁ። ግድግዳው ላይ ተደግፋ ትቆማለች፤ በከሰል ምልክት አደርጋለሁ፤ ቀለሙን የምትበጠብጠው ራሷ ናት። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሆናት እናቷን በለጠቻት። «አባ፣ እማዬን አሳጠርሃት» ብላ ሳቀች።

በዘጠና ዓመተ ምሕረት ኸይሩ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር አገባች። ሙስሊም ነው፤ ቤቱ ከሰላ ነው። ለመንኋት፣ ተቆጣሁ፣ መጨረሻ ላይ ረገምሁ። ሄደች። ሰው ሲጠይቀኝ ሃይማኖቱን ሰበብ አደርግ ነበር። አሁን እውነቱን ልናገር፤ ያንገበገበኝ ሃይማኖት አልነበረም። ብቻዬን መቅረቴ ነው።

በሄደች በሳምንቱ ፊቷን ፋቅሁት። ወደ በሩ አዞርኋት፤ አንድ ዓይን ሰጠኋት።

ከሦስት ወር በኋላ ሊያስታርቀን የመጣ ሽማግሌ ሳይኖር ራሷ መጣች። እጇ ላይ ሒና አለ፤ በፌስታል የከሰላ ብርቱካን ይዛለች። ገብታ ልትስመኝ ስትል ግድግዳውን አየች። ሌላ ሰው ቢሆን ምንም አይገባውም ነበር፤ ልጅቱ ወደ በሩ እያየች ነው ይል ነበር። እሷ ግን ቀለም ስትበጠብጥ ያደገች የሠዓሊ ልጅ ናት። ፌስታሉን አልጋዬ ላይ አስቀመጠችና «ደኅና ሁን አባ» ብላ ወጣች። «ቁሚ» ማለት እችል ነበር። አላልሁም። ብርቱካኑንም አልቀመስሁትም፤ በረንዳ ላይ በሰበሰ።

ዐሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ሆኖ አለፈ።

ሰፈራችን ውስጥ ዘሐራ የምትባል ባለሱቅ አለች፤ የጎንደር አዲስ ዓለም ልጅ ናት። ስኳርና ለውዝ በወረቀት እየጠቀለለች ትሸጣለች። ባለፈው ዓመት አንድ የፈረንጆች መሥሪያ ቤት ሲዘጋ ወረቀቱ በኪሎ ተሽጦ ነበርና እሷም ሁለት ጆንያ ገዛች። አንድ ቀን ከእሷ የገዛሁትን ለውዝ በልቼ ወረቀቱን ልጥል ስል ዓይን አየሁ። ጥቁር ፀጉር ያላት፣ አንገቷ ላይ ወርቅ የደረደረች ቆንጆ ሴት ናት። ወደ ጎን ዞራለች። አንድ ዓይን። «ምን ሠርታ ይሆን?» አልሁ። ወረቀቱን ገለበጥሁት፤ በዚያኛውም ገጽ ወንድ፣ ሴት፣ ልጅ፣ አሳላፊ፣ ሁሉም ባለ አንድ ዓይን። አንድ አገር በሙሉ ተኮንኗል።

በማግስቱ ዘሐራ ጋ ሄድሁ። አንድ ትልቅ የሥዕል መጽሐፍ ተገነጣጥሎ ከሌላው ወረቀት ጋር በጆንያዎቹ ውስጥ ተበትኗል።

«አያ ታምሬ፣ የምትገዛኝ ለውዙን ነው ወረቀቱን?» አለችኝ።

«ለውዙን» አልኋት፤ ሆዴ እስኪነፋ በላሁ። በኋላ አዘነችልኝና አሮጌ ጋዜጣ ባመጣሁላት ቁጥር ከጆንያው የወጣላትን ገጽ ትሰጠኝ ጀመር።

ፈረንጅኛ ማንበብ አልችልም፤ ቁጥር ግን እለያለሁ። ከየሥዕሉ ሥር ዓመተ ምሕረት አለ። በክፍሌ ዙሪያ ሲባጎ ወጠርሁና ገጾቹን በልብስ መቆንጠጫ በየቁጥራቸው ሰቀልኋቸው። ደስ ብሎኝ ስጨርስ የዘሐራ የእህቷ ልጅ ኢስሃቅ መጣ። እዚሁ ሱዳን የተወለደ አስተማሪ ነው፤ እንግሊዝኛ ያነባል። ሲባጎውን አየና ሳቁ አፈነው።

«ያ ዓሚ፣ ዳ ገለጥ! ተሳስተሃል እኮ። ከክርስቶስ በፊት ያለው ወደ ኋላ ነው የሚቆጠረው። ትልቁ ቁጥር ይቀድማል። አንተ ፈርዖኖቹን ከጣልያኖቹ ጎን ሰቀልሃቸው።»

በስተርጅና እንዲህ ያለ ውርደት! ሁሉንም አውርጄ እንደገና ሰቀልሁ። ግብጾቹን ወደ በሩ ስመልስ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

አሁን ከበሩ ሲነሣ ዋሻ ውስጥ የተሣለ በሬ አለ። ሕግ ያልነበረበት ዘመን ነው፤ በሬው ግን ይተነፍሳል። ቀጥሎ ግብጾቹ፤ ቀጥሎ ከድንጋይ የተጠረቡ ግሪኮች፤ ልብስ የላቸውም፣ ዓይናቸውም ባዶ ነው። ከእነሱ ወዲያ ዓይናቸው እንደ እኛ ቅዱሳን የተበለጠጠ ጳጳሳትና መላእክት። ኢስሃቅ ከሥሩ ያለውን አንብቦ «ይኼ እኮ እዚሁ ሱዳን ነው፤ ኖባ፣ ክርስቲያን በነበሩ ጊዜ» ሲለኝ፣ ሃያ አምስት ዓመት አብሮኝ የኖረ ጎረቤት አሁን በሩን የከፈተልኝ መሰለኝ። ከዚያ አንድ የቻይና ተራራ፤ ተራራው ሥር አንድ ሰው አለ፣ ካልፈለጉት አይታይም። ይህን የሣለው ሰው ብቻውን የሚበላ ሰው ነው ብዬ እምላለሁ። ከዚያ የቤኒን የነሐስ ራሶች፣ ከዚያ ብርሃኑን እንደ ቅቤ የሚቀቡት ጣልያኖች፣ ከዚያ የራሱን ፊት ደጋግሞ የሣለ አንድ ሽማግሌ። ሌላ የሚሥለው ሰው ያጣ ይመስላል።

ከሥራ ስገባ ከበሬው ጀምሬ በሲባጎው ሥር እዞራለሁ። የሰው ልጅ ከዋሻ ወጥቶ እስከ አልጋዬ ራስጌ ሲደርስ አያለሁ፤ ያየሁትን ግን የምነግረው ሰው የለኝም። «አባ፣ ይኼን እየው!» ብላ እጄን የምትጎትት አንዲት ልጅ ነበረችኝ። እሷን ኮንኛታለሁ።

አንድ ቀን ኢስሃቅን የመጀመሪያዋን ወረቀት፣ የለውዟን፣ አስነበብሁት። «እስቲ እነዚህ ሰዎች ምን ኃጢአት ሠርተው ነው?»

«ኃጢአት? ላ፣ ያ ዓሚ። መቃብር ውስጥ ያለ ሥዕል ነው። ሰውየው ሚስቱንና ሴት ልጁን አሥሏል፤ ከሞት በኋላ እንዳይለዩት ብሎ።»

«አንድ ዓይን ሰጥቶ?»

«ሁሉንም እንደዚያ ነው የሚሥሉት። ንጉሡንም፣ አማልክቱንም። ይወዳቸው ነበር፣ ኸላስ።»

እሱ ከሄደ በኋላ አልጋዬ ላይ ተቀመጥሁ። አንድ አገር ሦስት ሺህ ዓመት ሙሉ የሚወደውን ሰው በአንድ ዓይን ሲሥል ኖሯል። እኔ የዓለም ሕግ የመሰለኝ የአባቴ ሰፈር ሕግ ኖሯል። መጀመሪያ ተንኮል መጣልኝ፤ ከሰላ ሄጄ «ልጄ፣ ግብጾች ዘንድ አንድ ዓይን ፍቅር ነው፤ እንዲያ ማለቴ ነበር» ልበላት አልሁ። ወዲያው አፈርሁ። እኔም እሷም ግብጾች አይደለንም። ፊቷን ሳዞር ምን ማለቴ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ስታየውም አውቃለች። የቀረኝ ነገር ሄዶ «አጠፋሁ» ማለት ነው።

ዘሐራን የለውዙን ወረቀት ነገር ነግሬ የልጄን አድራሻ ስጠይቃት ሚዛኗን ተወችው። የከሰላ ዘመዶቿ የሣህሊቱን ወሬ በየጊዜው ያመጡላት ነበር፤ እኔ ነኝ አትንገሪኝ ያልኋት።

«ይኼን ለውዝ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቀደም ብዬ ባበላሁህ ኖሮ!» አለች። «እኔስ ሙስሊም አይደለሁም እንዴ አያ ታምሬ? ስኳሬ መረረህ? ሂድ። ቤታቸው ከተራራው ሥር ነው፤ አረንጓዴ በር። እኔም ወሬዋን ከሰማሁ ሦስት አራት ዓመት ሆነኝ።»

በማግስቱ በአውቶቡስ ከሰላ ገባሁ፤ ከመናኸሪያው በረክሻ፣ በባለ ሦስት እግሯ ታክሲ፣ ወደ ተራራው ሄድሁ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ነበር። አረንጓዴውን በር የከፈተችልኝ ግን የማላውቃት ሴት ናት። ራሒማ እባላለሁ አለች፤ የመተማ ልጅ ናት። ኸይሩና ሣህሊቱ ቤቱን ከለቀቁ ሦስት ዓመታቸው፤ ወደ ፖርት ሱዳን ሄደው ከዚያ ባሕር ተሻግረዋል፤ ጅዳ ይሁን ሌላ አታውቅም። የተዉላትን ስልክ ደወለችልኝ። አይሠራም።

«አንተ ምኗ ነህ?» አለችኝ።

«የአገሯ ሰው» አልሁ። አባቷ ነኝ ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ውኃ ልትሰጠኝ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ጓዳው በር አጠገብ፣ ተፈረካክሶ ከሚረግፈው ኖራ መካከል፣ አንድ ሰው ቁልቁል ያየኛል። ጢሙ ገና ሽበት ያልዘለቀው፣ ብሩሽ ጆሮው ላይ የሰካ። ፊቱን ወደ ሰው አዙሯል። ሁለት ዓይን አለው፤ ትልልቅ፣ የቅዱሳን ዓይን።

«ባሌ ሥዕል አይወድም» አለች ራሒማ። «ሦስት ጊዜ ኖራ ቀባነው። ይፈነቅልና ይወጣል። አስቀድሞ የሚወጣው ደግሞ ዓይኑ ነው፤ ወላሂ ለመድነው።»

«ዘይት ቀለም ነው» አልኋት። «ኖራ ዘይት ቀለም ላይ አይይዝም። እርጥበት እንዳይበላው ከፈለግሽ በዘይት ጀምሪ ብዬ ያስተማርኋት እኔ...»

ራሒማ ግድግዳውን አየች፤ እኔን አየች። በርጩማ አመጣችልኝ።

«መቼ ነው የሣለችው?» አልኋት።

«እኛ ሳንገባ ነው። ጎረቤቶቹ በዘጠና አንድ ነው ይላሉ፤ እዚህ በገባች በዓመቱ።»

ብርቱካኑን አልጋዬ ላይ አስቀምጣ ከሄደች በኋላ ነው እንግዲህ። አንድ ዓይኗን አይታ፣ ወደዚህ ቤት ተመልሳ፣ ለእኔ ሁለት ሰጠችኝ። በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ፤ የማላውቃት ሴት ፊት፣ ሳላፍር።

ስመለስ ከከሰላ ገበያ ብርቱካን ገዛሁ። ዘሐራ ከፊቴ ገብቷት አልጠየቀችኝም። «ከጆንያው ሥር የተገኘ የመጨረሻው ነው፤ ይኼንንስ እብድ ነው የሣለው» ብላ አንድ ገጽ ሰጠችኝ። የሴት ፊት ነው። አፍንጫው ወደ ጎን ዞሯል፤ ሁለቱም ዓይኖች ግን በዚያው በአንድ ወገን ተሣልተዋል። ከሥሩ 1937 ይላል። አባቴ ቢያይ ኖሮ መጽሐፉን ያቃጥለው ነበር። ሲባጎው ጫፍ ላይ ሰቀልሁትና ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ መፋቂያዬን አነሣሁ። ፊቷን ፍቄ እንደገና ወደ ሰው ላዞራት ነበር ሐሳቤ። ግን የትኛውን ፊት ልሥል? የማውቀው የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ እሷ አሁን ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ዐሥራ ሁለት ዕንቁጣጣሽ አምልጦኛል። ብፍቀውስ ያደረግሁትን መደበቅ አይሆንም? መፋቂያውን መልሼ አስቀመጥሁ። ቡናማ፣ ነጭ፣ ጥቁር በጠበጥሁና ከአንደኛው ዓይን ጎን፣ እዚያው ወደ ጎን በዞረው ፊት ላይ፣ ሁለተኛ ዓይን ሣልሁላት። በዘይት ቀለም።

አያምርም። አንደኛው ዓይን እንደ ድሮው በሩን ያያል፤ አዲሱ ወደ እኔ ነው። አልጋው ላይ ትይዩዋ ተቀመጥሁ፤ ብርቱካን አንሥቼ ላጥሁና አንዱን ፍሬ አፌ ውስጥ ጨመርሁ።

«ይጣፍጣል፣ ልጄ» አልኋት።