ከላይ የተለበሰው ካንጋ

እኛ ሞምባሳዎች አፍ የማይደፍረውን ነገር ለካንጋ እንሰጣለን። ወገባችን ላይ የምንታጠቀው፣ ራሳችን ላይ ጣል የምናደርገው ጨርቅ ነው፤ ጠርዙ ላይ አንድ አባባል ታትሞበታል። ጎረቤቴን መስደብ ካማረኝ ስድቡን ለብሼ በደጇ አልፋለሁ። በማግስቱ እሷ መልሱን ለብሳ ትመጣለች። ማንም አልተናገረም፣ ሰፈሩ ግን ሰምቷል።

ሐሙድ ለአጎቴ ልጅ ለዙሁራ የሰጣት ካንጋ «ልቤን ይዘህ ወዴት ትሄዳለህ?» ይላል። ወንድ ልጅ ሴት እንድትለው የሚፈልገውን ቃል ራሱ መርጦ ሲገዛ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስቄበታለሁ።

እንግሊዝ ሊወጣ በተቃረበበት ሰሞን የሐሙድ አባት ዕቃ መጠቅለል ጀመሩ። ዘራቸው ከዑማን ነው፤ ሐሙድ ግን የተወለደው እዚሁ፣ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ነው። «እዚህ የሱልጣናችን ባንዲራ ሊወርድ ነው፤ ዛንዚባር ግን ራሳቸው አሉ። እዚያ ማን ይነካናል?» ይሉ ነበር ሽማግሌው።

ሐሙድ ዓሣ ተራ አገኘኝ።

«ሚዛ እህቴ፣ ለዙሁራ ንገሪልኝ። የነፃነት ዕለት ጀልባችን ከድሮው ወደብ ትነሳለች። ካንጋዬን ለብሳ ካየኋት ዘልዬ እወርዳለሁ። አባቴ ከፈለገ ይርገመኝ።»

«አፍ የለህም እንዴ? አባቷን አትጠይቅም?»

«ጠየቅኩ። ‹ነገ ለሚሄድ ሰው ልጄን አልሰጥም› አሉኝ።»

«ካንጋውን ካላየህስ?»

«ያኔ መልሴን አገኘሁ ማለት ነው። አልቀየማትም።»

ለዙሁራ ስነግራት አለቀሰች፤ ከዚያ ካንጋውን አውጥታ አጠበችው።

የነፃነት ዕለት ጠዋት የነፃነት ፓርቲው የሴቶች ሊቀመንበር እትዬ ሳላማ በየቤቱ እየገባች አዲስ ካንጋ አደለች። ለእንግሊዙ ሹም የተዘጋጀ ቃል አለበት፦ «እንግዳ ሆይ፣ ቀንህ ሞላ፣ በሰላም ሂድ።»

«እኔ የራሴን እለብሳለሁ» አለች ዙሁራ።

«ዛሬ ይሄን ያልለበሰች የእንግሊዝ ውሽማ ናት» አለች እትዬ ሳላማ፣ በገዛ እጇ እየጠመጠመችላት። ያቺ ሴት ስትቋጥር ለመፍታት ጥርስ ያስፈልጋል።

ዙሁራ የሐሙድን ከስር ታጥቃ ነበር። ወደቡ ስንደርስ የላዩን ጥላ ልትታይለት አሰበች። ወደቡ ስንደርስ ግን ሰው በሰው ላይ ነው። ሹሙን እንድንሸኝ እጅ ለእጅ አያይዘው አሰለፉን። ጀልባዋ ሸራዋን ዘርግታ ተነሳች፤ ሐሙድ ከፊት ቆሟል። ዙሁራ እጇን አስለቅቃ ቋጠሮውን መጎተት ጀመረች።

እትዬ ሳላማ እጇን መታቻት። «አንቺ ልጅ፣ ፎቶ እየተነሳን ነው።»

ቋጠሮው ሲፈታ ጀልባዋ ዞራ ነበር። ዙሁራ የሱን ካንጋ በሁለት እጇ ዘርግታ ቆመች። ያየላት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚያየው ባንዲራውን ነበር። እኔ ያን ቀን ነፃነቱንም፣ ሳላማንም፣ ሽማግሌውንም ረገምኩ።

በወሩ ዛንዚባር ነደደች። ሱልጣኑ ሸሹ፣ አረብ የተባለ እየታደነ ተገደለ። የጾሙ ወር ሳያልቅ የጀልባዋ አዛዥ፣ አንድ አዛውንት፣ መርዶ ይዘው ቤታችን መጡ። ሐሙድም አባቱም የሉም። ዙሁራ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣ ትሰማለች።

«ያን ቀን ካንጋዋን ጮክ ብሎ አነበበ» አሉ አዛውንቱ። «‹ቀንህ ሞላ፣ በሰላም ሂድ።› ከዚያ ጀርባውን ለወደቡ ሰጥቶ ተቀመጠ።»

«እርስዎስ ዝም አሉ?» ብዬ ተቆጣሁ። «የከተማው ሴት ሁሉ ያንኑ ለብሶ አላዩም?»

«አየሁ እንጂ ልጄ፤ ነገርኩትም። ‹ሁሉም እኮ ያንኑ ነው የለበሱት› አልኩት።»

«እና ምን አለ?»

«‹ከእሷ ሌላ እዚያ ማን አለ?› አለኝ።»